ሐሙስ ውሃ ይመጣል

ከአቃቂ ድልድይ ማዶ፣ ከሐዲዱ በስተጀርባ፣
ድሮ የዶሮ ቤት የነበረ፣ ዛሬ ብርሃን የማይገባ
ክፍል አለኝ። ስንጥቁን በጭቃ ደፍኛለሁ፣
በሩ ላይ ብርድ ልብስ፣ ጣሪያው ላይ አንድ ቀይ አምፖል ሰቅያለሁ።

ውሃ በሳምንት አንዴ ነው፣ ሐሙስ ሌሊት በዘጠኝ፤
እናም ማንጫ ስመርጥ፣ መጀመሪያ የሚያስጨንቀኝ
ስንት ጀሪካን እንደሚፈጅ ነው፣ እስኪጠራ ወረቀቱ።
ከዚያ በኋላ ነው ውበቱ።

ሰው «በረኪና ነው?» ይለኛል። በረኪና የልብስ ነው።
የኔ ማንጫ ብር ነው የሚበላው።
ብር ስል ኪስ ውስጥ ያለውን አይደለም፣ እሱን የበላው ሌላ ነው፤
በወረቀቱ ቆዳ ውስጥ ጠቁሮ የተቀመጠውን፣
ቅንድብ የሆነውን፣ የዛፍ ጥላ የሆነውን።

ገመዳ ከቆዳ ፋብሪካ፣ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ
ብርቱካን የመሰለ ዳይክሮሜት አመጣልኝ፣ ደብቆ።
«ይሄ ቶሎ ነው» አለኝ። እኔ ጣቶቹን አያለሁ፤
ትንንሽ ጉድጓድ፣ በምስማር የተቆፈረ የሚመስል፣
ዓመት አልፎት ያልሻረ።
ክዳኑን በፕላስተር አሰርኩት። ልድፋው ብል ደግሞ የት?
ወንዙ እንደሆነ ጠግቧል። ላም እንኳ አሽትታው ትሄዳለች።

ፐርማንጋኔት ከፋርማሲ፣ ቁስል የሚታጠብበት፤
ርካሽ ነው፣ ውሃ ውስጥ ወይን ጠጅ ሆኖ ሲዘረጋ ደስ ይላል ላየበት።
አሲድ ሲቀምስ ግን ያብዳል።
የያየሽወርቅን ልጅ የምረቃ ፎቶ፣ ግንባሯን ከነቆቡ
ልጦ ወሰደው አንድ ቀን። እናትየው አልተቆጣችም፣
«ግድ የለም፣ ቆቡ የውሰት ነው፣ ልጄ ገና አልጨረሰችም»
ብላኝ ሄደች።

ሰማያዊው ደግሞ አለ፣ ገበሬ ለድንች የሚረጨው፤
ከጨው ጋር ሲቀላቀል ይሠራል፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሽማግሌ።
እወደው ነበር። ችግሩ፣ ያነጣውን መልሶ ሲያጠቁረው
የሰው ፊት ሁሉ ጡብ ይመስላል።

የቀረው በወረቀት ነው፣ ጋሽ ይርዳቸው ያጠፈው፣
በመጨረሻው ክረምት በእጁ «ፌሪ፣ 11 ግራም» ብሎ የጻፈው።
የሮማን ፍሬ ይመስላል። ስሙ ውስጥ ሳያናይድ አለ፣
ስሙን ሰምቶ ስንቱ ሸሸ።
«ስሙ ነው እንጂ» ይል ነበር፣ «አሲድና እሳት ካላስጠጉበት
ከመደርደሪያው ሁሉ ጨዋው እሱ ነው።»
ከወጥ ጨው ጋር ካዋሃዱት ምስሉ ይነጣል፣ ይደበቃል፤
ብሩ ግን ከቤት አልወጣም፣ ሲጠሩት ይመለሳል።
ከሃይፖ ጋር ከሆነ ግን ብሩን ይዞት ይሄዳል፣
ወረቀቱም እንደኛ ሰፈር፣ የነጣ ድሃ ሆኖ ይቀራል።

ማክሰኞ ትርንጎ መጣች፣ በፌስታል አንድ ፎቶ ይዛ።
«ኔጋቲቩስ?» «ተቃጥሏል።» ማን እንዳቃጠለው አልጠየቅኩም።
«ሰውዬውን አጥፋልኝ።»
ሰውዬው በግራ በኩል ቆሟል፣ ከረቫቱ ሰፊ፣ ጫማው የተወለወለ።
ሁለት ብርጭቆ አሳየኋት፤ ይሄ ይመለሳል፣ ያ አይመለስም።
ብዙ ታስባለች ስል
«የቱ ይረክሳል?» አለችኝ።
«የጨዉ።»
«በሱ አድርገው በቃ።»

ጥጡን ነከርኩ። ከጫማው ጀመርኩ፤
ጫማው ሄደ፣ ሱሪው ሄደ፣ ከረቫቱ ቢጫ ጭስ ሆነ፣
ፊቱ ደግሞ ከጠበቅኩት በላይ ፈጥኖ በነነ።
ትከሻዋ ጋ ስደርስ ቆምኩ።
እጁ እዚያ ነው። አራት ጣት፣ ጥቁር ሹራቧ ላይ ያረፈ።
ባነጣው፣ ነጭ እጅ ይሆናል፤
ብተወው፣ ባለቤት የሌለው።

ቀና ብዬ ልነግራት ስል፣
ትከሻዋን እያሸች ነበር፣ ሳይታወቃት መሰለኝ።
«እጁን እስከ ሐሙስ ላስብበት» አለች።

ወረቀቱን አለቃለቅሁ።
ጀሪካኑን ነቀነቅሁ፣ ግርጌው ላይ ትንሽ ቀርቷል፣
ለእጄ መታጠቢያ የምትሆን።